ከፍዬ ካወረድኩ ምን ጥፋት አለብኝ?

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ የሞባይል ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቻርጀር፣ ኢርፎን፣ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። ዋናው ገቢዬ ግን ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ደንበኞቼ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመላለሱ ሾፌሮች ናቸው። መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥባቸው ከስልክ መስማት አይሆንላቸውም። በቅርቡ አንድ ልጅ የውጭ ዌብሳይት አሳየኝ። ሙሉ አልበም ከአንድ ዶላር በታች ይሸጣል። የፈረንጁም የኛም ዘፈን ሞልቶታል። ከታች በኩል ፈቃድ አለን የሚል ጽሑፍ አለው። ካናዳ የምትኖረው እህቴ የካርድ ቁጥሯን በቴሌግራም ልካልኛለች። ባለቤቴ ይቅርብህ ትላለች። እኔ ግን እንደ ሌላው በነፃ አልዘረፍኩም፤ ከፍዬ ነው የማወርደው። ታዲያ ሕጋዊ አይደለሁም? ቢበዛስ ምን ይመጣብኛል?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። መክፈል መፈለግህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ጥያቄውን እንኳ አያነሱትም። ስለዚህ እንደ ሌባ ቆጥሬ አልመልስልህም። ግን ባለቤትህ ልክ ናት።

አንተ የምትከራከረው «ከፍያለሁ» ብለህ ነው። እሺ፣ ከፍለሃል። ለማን? አንድ ሰው የጎረቤቱን በግ ገበያ አውጥቶ ቢሸጥልህ፣ ገንዘቡን ቆጥረህ ስለሰጠኸው ብቻ በጉ ያንተ አይሆንም። ደረሰኝ ቢጽፍልህም ያው ነው። ባለቤቱ ፍለጋ ሲመጣ ገመዱን የሚያገኘው አንተ እጅ ላይ ነው። ዘፈን ላይም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። ሻጩ የመሸጥ መብቱን ከማን አገኘ?

«ፈቃድ አለን» የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልልህ አንድ የታወቀ ጉዳይ ልንገርህ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በዓለም ላይ ስሙ የገነነ የርካሽ ዘፈን መሸጫ ዌብሳይት ነበር። ኦልኦፍኤምፒ3 ይባላል፤ መቀመጫው ሞስኮ ነበር። የሚያስከፍለው በሜጋባይት ነው፤ ለአንድ ሜጋባይት ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ። ያኔ አፕል አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። እዚያ ግን ለአንድ ዘፈን በሚከፈለው ሙሉ አልበም ይገኛል። ሕዝቡ ጎረፈ። ገዢዎቹም ልክ እንዳንተ «እኛ እየከፈልን ነው» ይሉ ነበር።

ወረቀትም ነበረው። ወረቀቱን የሰጠው ሮምስ የሚባል የሩሲያ ማኅበር ነው። እንዲህ ዓይነት ማኅበር የሚቋቋመው የባለመብቶችን ክፍያ እየሰበሰበ እንዲያከፋፍል ነው። የወቅቱ የሩሲያ ሕግ ግን ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ማኅበሩ ያልወከሉትን ሰዎች ሥራ ጭምር ፈቃድ እንዲሰጥበት መንገድ ይከፍት ነበር። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ አልወከልነውም፣ ፈቃድም አልሰጠንም አሉ።

ከዚያ ነገሩ ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቪዛና ማስተርካርድ ለሱቁ የሚከፈለውን ክፍያ ማስተናገድ አቆሙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሩሲያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ከአሜሪካ ጋር ስትስማማ፣ የዚህ ሱቅ ጉዳይ በስሙ ተጠርቶ ተነሣ። ዲሴምበር ላይ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ኒው ዮርክ ላይ ክስ መሠረቱ። 11 ሚሊዮን ዘፈን፣ ለእያንዳንዱ 150 ሺህ ዶላር፤ ተባዝቶ 1.65 ትሪሊዮን ዶላር! ሱቁ በጁላይ 2007 ተዘጋ። ክሱን ኩባንያዎቹ በ2008 ተዉት፤ ያኔ የሚከሰስ ሱቅ አልነበረም።

ላንተ የሚመች የሚመስለውንም አልደብቅህም። በኦገስት 2007 የሞስኮ ፍርድ ቤት የሱቁን ባለቤት ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ ዴኒስ ክቫሶቭን በነፃ አሰናበተው። ለሮምስ ከፍሏል፣ ጥፋቱ በበቂ አልተረጋገጠም ተባለ። የዚያ ሱቅ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህን ነው። ነገር ግን ፍርዱ የሚናገረው ሩሲያ ውስጥ ስለሸጠ ሰው፣ በሩሲያ ሕግ ነው። ሌላ አገር ሆኖ ለገዛ ሰው ዋስትና አይሆንም። ያንን ወረቀት ይዞ ደብረ ብርሃን ላይ አባዝቶ ለሚሸጥማ ወረቀቱ ምንም አይጠቅመውም። ሩሲያም ብትሆን ዝም አላለችም። ከጃንዋሪ 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕጓ ክፍል 4 የእንዲህ ያሉ ማኅበራትን ሥልጣን አጠበበ።

አንተ ያየኸው ዌብሳይት የዚያ ዓይነት ልጅ ይሁን አይሁን ራስህ ልታጣራ ትችላለህ። ታች ያለውን ጽሑፍ ክፈትና አንብበው። ፈቃድ ሰጪው ማን ነው? የየትኛው አገር ድርጅት ነው? ከዚያ የምታውቀውን አንድ የኛን ዘፋኝ ምረጥና ይፋዊ ገጹን እይ። ዘፋኞቻችን አልበማቸው የት እንደሚገኝ ራሳቸው ይናገራሉ። ያ ዌብሳይት ስሙ ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቅ፤ በመልእክት ብትጠይቃቸው ብዙዎቹ ይመልሱልሃል። አንድ ሙሉ አልበም ከአንድ ዶላር በታች ሲሸጥ ለግጥም ደራሲው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪው፣ ለዘፋኙና ለአሳታሚው ምን ይተርፋል? አስልተህ እየው።

ወደ አገራችን ሕግ ልምጣ። ሙዚቃን የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል፤ ሁለቱ አብረው ይነበባሉ። የዐዋጁ አንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል መጠቀሚያው ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል፤ ለዚህም ገደቦች አሉት። ቃላቱን ልብ በልልኝ። ለግሉ። ብቻ። አንድ ቅጂ።

አንተ ግን ለግልህ አይደለም የምታወርደው። አንዱን ዘፈን አውርደህ ለስንት ሾፌር ትጭነዋለህ? ያ ማባዛትና ማሰራጨት ነው። ሁለቱም የባለመብቱ ናቸው። ስለዚህ በእርግጥ ሕጋዊ የሆነ ሱቅ ገብተህ በውድ ዋጋ ብትገዛው እንኳ፣ ገልብጠህ የመሸጥ መብት አልገዛህም። ጓደኞችህም የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሲዲ የገዛ ሰው ሲዲውን ነው የገዛው፤ የማባዛት ፈቃዱ የተለየ ነገር ነው።

ቅጣቱን ጠይቀሃል። የ1996ቱ ዐዋጅ አንቀጽ 36 መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ አስቀምጧል። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ዘፈን ጫነ ተብሎ በየቀኑ ሰው ዘብጥያ እንደማይወርድ አንተም ታውቃለህ። ሆኖም አቤቱታ የቀረበ ቀን «ሌላውም ይሠራዋል» የሚባል መከላከያ የለም። ኮምፒውተርህም ይሄዳል። በዚያች ኮምፒውተር ላይ ነው ቤትህ የቆመው።

የውጭ ዘፈን ላይ ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። ዐዋጁ በአንቀጽ 3 በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና እዚህ የሚኖሩ ሰዎችን ሥራ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታተሙ ሥራዎችንና አገራችን በገባችባቸው ስምምነቶች የሚሸፈኑትን ነው። ስለዚህ ለፈረንጅ ዘፈን ያለው ከለላ ቀጠን ይላል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «የፈረንጁ ነፃ ነው» ይላል። እኔ በዚህ ላይ ሱቅ አትሥራ እልሃለሁ። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሩሲያ ላይ የሆነውን ነገርኩህ፤ ወደ ድርጅቱ የሚገባ አገር መጀመሪያ ከሚጠየቀው ነገር አንዱ የቅጂ መብት ነው። ደግሞስ ሾፌሮችህ የሚያስጭኑት በብዛት የፈረንጅ ዘፈን ነው? አይመስለኝም። የኛውን ነው። የኛውን ደግሞ ዐዋጁ ሙሉ በሙሉ ይጠብቀዋል።

የድሮ ዘፈን ነው ብለህም አትጽናና። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የሞተ ዘፋኝ ልጆች አሉት። የአባታቸው ድምፅ በየመናኸሪያው ሲሸጥ እየሰሙ የቤት ኪራይ የሚቸግራቸው ልጆች ይኖራሉ፤ ይህ ነገር እኔን ያንገበግበኛል። ካሴቱ ገና ከመውጣቱ እየተገለበጠባቸው አልበም ማውጣት እርም ያሉ ስንት ድምጻውያን ነበሩን! መዝሙርም እንደዚያው ነው። የመንፈሳዊ ሥራ ስለሆነ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

አሁን ሕጉን ትተን ወደ ኪስህ እንግባ። ቶሎ የሚደርስብህ አደጋ እዚህ ነው ያለው።

እነዚህ ዌብሳይቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ አይሸጡልህም። መጀመሪያ ሂሳብ ሙላ ይሉሃል፤ አሥር ወይ ሃያ ዶላር። የዘፈኑ ዋጋ ሳንቲም ነው፣ የምታስገባው ግን ዶላር ነው። ዌብሳይቱ ከተዘጋ ቀሪው ገንዘብ አብሮ ይዘጋል። አቤት የምትልበት ቢሮ የለም፤ ድርጅቱ የት አገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። የክፍያ ገጹ ላይ የካርዱን ፊት ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ወርና ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች ይጠይቅሃል። እነዚህ ሦስቱ ከወጡ ካርዱ ወጣ ማለት ነው። ዛሬ ሁለት ዶላር ይቆረጣል፤ በሚቀጥለው ወር ማንም ባላዘዘው «የአባልነት ክፍያ» ሌላ ይቆረጣል። የሂሳብ መግለጫው ላይ የሚመጣው ስም ከዌብሳይቱ ስም ጋር ላይገናኝ ይችላል። እህትህ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ስትደነግጥ አንተም መልስ የለህም።

ሁለተኛው ፋይሉ ነው። ዘፈን ዘፈን መሆኑን በመጠኑ ታውቀዋለህ። በ128 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ320 ከሆነ ሁለት ሜጋባይት ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ የአራት ደቂቃ ዘፈን ከአራት እስከ አሥር ሜጋባይት መሆን አለበት። ያወረድከው ፋይል ከዚህ በጣም ከራቀና ስትከፍተው «ጫን» የሚል ሳጥን ካወጣብህ ዘፈን አይደለም። ዊንዶውስ የፋይሉን መጨረሻ ስለሚደብቅ ስሙ ላይ ኤምፒ3 የሚል አይተህ ትከፍተዋለህ፤ ከኋላው ግን ኢኤክስኢ የሚባለው የፕሮግራም ምልክት ተደብቋል። ፋይሎችህን የምታይበት መስኮት ላይ «ቪው» ውስጥ ገብተህ የፋይል መጨረሻዎችን እንዲያሳይህ አድርግ። ዛሬ አድርገው፤ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይጠቅምሃል።

ሾርትከት ቫይረስን መቼም አንተ ታውቀዋለህ። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ ይላሉ። እሱ አንዴ ኮምፒውተርህ ውስጥ ከገባ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይዞት ይወጣል። የአንዱ ሾፌር ፍላሽ ላይ የልጁ ሠርግ ፎቶ ሊኖር ይችላል። ከሸዋ ሮቢት ተመልሶ ሲመጣ የሚጠይቀው ያንን ዌብሳይት አይደለም፤ አንተን ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ «ለማውረድ ይህን መተግበሪያ ጫን» የሚል ኤፒኬ ይመጣል። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ ኤፒኬ የጽሑፍ መልእክት እንዲያነብ ፈቃድ ከጠየቀ ወዲያው ሰርዘው። የባንክህና የቴሌብር የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያው በጽሑፍ መልእክት ነው።

ታዲያ ምን ልብላ ትለኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በባዶ ሜዳ «ተው» ብዬ አልተውህም።

ሱቅህ ላይ ሰው የሚመጣው ለዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ለእጅህም ነው። ቫይረስ ማጽዳት፣ የጠፋ ፎቶ መመለስ፣ ፍላሽ ማስተካከል፣ የመኪና ቴፕ ከስልክ ጋር ማገናኘት ሾፌር በደስታ የሚከፍልባቸው ሥራዎች ናቸው። እንደ ሰዋስው ያሉ የኛው ሰዎች የሠሯቸው የሙዚቃ መተግበሪያዎች አሉ። ደንበኛህ ስልክ ላይ ጭነህለት፣ ሂሳብ ከፍተህለት፣ እንዴት እንደሚከፈል አሳይተኸው የአገልግሎትህን ብትቀበል ማንም አይነካህም። ዘፈን ያለ ኔትወርክ የሚያስቀምጥ መተግበሪያ ካገኘህለት፣ መናኸሪያ ላይ እያለ ያወርደውና ጣርማበርን ሲሻገር ይሰማዋል። ልብ በል፣ እንዲህ የተቀመጠ ዘፈን እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ነው፤ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም።

ፍላሽ መጫኑን ሙሉ በሙሉ መተው ከከበደህ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በደብረ ሲና በኩል ሠርግ የሚያደምቁ፣ መሰንቆ የሚመቱ፣ ድምፃቸው ከቀበሌያቸው ያልወጣ ልጆች አሉ። ዘፈናቸው ሾፌር ጆሮ እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ሾፌር ከደረሰው መስመሩ ሁሉ ሰማው ማለት ነው። አነጋግራቸው። በወረቀት ተፈራረሙ፤ የትኛውን ዘፈን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር፣ ከዚያ ላይ ለእሱ ስንት እንደሚደርሰው ይጻፍ። ግጥሙና ዜማው የራሱ መሆኑን ጠይቅ፤ ከሌላ የወሰደው ከሆነ የሌላውም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሰንበት ትምህርት ቤቶች መዝሙርም እንዲሁ ነው። ውሉ ላይ ጥርጣሬ ካለህ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቅ፤ ሥራቸው ይህ ነው።

ኮምፒውተርህ ላይ እስካሁን ያከማቸኸውን በተመለከተ፣ ለራስህ የምትሰማውን ለብቻው ለይተህ የሚሸጠውን ዝርዝር ከሱቁ አውጣው። በአንድ ቀን ገቢህ እንዲቆም አልፈልግም፤ ግን አዲሱን ሥራ እያስለመድክ አሮጌውን መቀነስ ከዚህ ሳምንት ጀምር። ባለቤትህንም አማክራት፤ ነገሩ ቀድሞ የገባት እሷ ናት።

የቀረው የእህትህ ነገር ነው፤ ይህ ግን ቀን አይሰጠውም። የካርድ ቁጥርን ለሌላ ሰው ማቀበል ከባንኮች ጋር የሚገባው ውል በአብዛኛው የሚከለክለው ነገር ነው። ገንዘቡ ቢጠፋ ባንኩ «ራስሽ ነሽ የሰጠሽው» ብሎ ላይመልስላት ይችላል። «እሺ እሷ እዚያው አውርዳ ትላክልኝ» እንዳትል ደግሞ። የካናዳ ሕግ ለንግድ ባልሆነ ጥሰት ከ100 እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር ካሣ ያስቀምጣል። ለንግድ ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ከ500 እስከ 20,000 ነው። ሱቅህ ንግድ ነው። ለወንድሟ ብላ በደግነት የገባችበት ነገር እሷን እንዳያስከፍላት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውልላት። ቴሌግራም ላይ የላከችውን መልእክት ከሁለታችሁም በኩል አጥፉት። ቁጥሩን ዌብሳይቱ ላይ አስገብተኸው ከሆነ አትደብቃት፤ ባንኳ ካርዱን ዘግቶ ሌላ እንዲሰጣት ትጠይቅ፣ ያለፈውንም ወር የሂሳብ መግለጫ በደንብ ትይ። እዚያ ዌብሳይት ላይ የተጠቀምክበትን የይለፍ ቃል ለኢሜይልህም የምትጠቀምበት ከሆነ እሱንም ቀይር። ይህን ሳትጨርስ እንዳታድር።